ከዓይን የተሰወረው መገጣጠሚያ፦ ውብ የብረት ሕንጻዎች ሸክማቸውን የሚያስተላልፉት በየት በኩል ነው?

አንድ የብረት ወራጅ ከምሰሶ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ከጠቅላላው ሕንጻ አንጻር ሲታይ ኢምንት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ክንድ አይረዝምም። ይሁን እንጂ ወለሉ፣ ጣሪያው፣ በላያቸው የሚመላለሰው ሰውና የተቀመጠው ዕቃ ሁሉ ክብደቱ ወደ መሬት የሚወርደው በዚያች ጠባብ ቦታ አልፎ ነው። በመጋዘን ወይም በባቡር ድልድይ ላይ ይህ ቦታ ፊት ለፊት ይታያል። ወፍራሙን ላሜራ፣ የተደረደሩትን የብሎን ራሶችና ዳዶዎች፣ የብየዳውንም መስመር ማንኛውም መንገደኛ ሊያያቸው ይችላል። በሙዚየም፣ በአውሮፕላን ማረፊያ ወይም በትልቅ ሆቴል አዳራሽ ግን አርክቴክቱ የሚሻው ሌላ ነው፤ ወራጁ ከምሰሶው የበቀለ እንጂ በሰው እጅ የተገጠመ እንዳይመስል ይፈልጋል።

ይህን ፍላጎት ለማሟላት መሐንዲሶች መገጣጠሚያን ከዓይን የሚሰውሩባቸው ልዩ ልዩ መንገዶች አሏቸው። መሰወር ግን ሸክሙን በአንድ ኪሎ እንኳ አይቀንሰውም። የሚቀንሰው ጉድለትን በጊዜ የማየት ዕድልን ነው። የላላ ብሎን፣ የተሰነጠቀ ብየዳ ወይም የጀመረ ዝገት በግልጽ ቦታ ላይ ከሆነ አንድ ቀን የጥገና ሠራተኛ ዓይን ያርፍበታል፤ ከግድግዳ በስተጀርባ ወይም በተዘጋ ቱቦላሬ ውስጥ ከሆነ ግን የሚያየው የለም። ስለዚህ መገጣጠሚያው ከመዘጋቱ በፊት የሚደረግለት ስሌትና ምርመራ ለሕንጻው ዕድሜ ሙሉ የሚቆይ ዋስትና መሆን ይኖርበታል። ይህ ሲዘነጋ የሚከተለውን አደጋ ያለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት የምሕንድስና ታሪክ በግልጽ መዝግቦታል።

ማሳየት ወይስ መደበቅ?

በብረትና በመስታወት ሥራዎቹ የሚታወቀው ትውልደ ጀርመናዊ አርክቴክት ሉድቪግ ሚስ ቫን ደር ሮኸ፣ በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት የሠራው የፋርንስዎርዝ ቤት በአውሮፓውያኑ 1951 ተጠናቀቀ። የቤቱ ወለልና ጣሪያ በስምንት የብረት ምሰሶዎች መካከል የተንሳፈፉ ይመስላሉ። ምሰሶዎቹ ከጠርዙ ብረት ጎን ተለጥፈው ይታያሉ እንጂ አንድም ብሎን፣ አንድም የብየዳ ጠባሳ አይታይም። ብረቶቹ የተያያዙት ቀዳዳ በስቶ ቀዳዳውን በቀለጠ ብረት በመሙላት በሚከናወን የብየዳ ዓይነት ነው። ለጊዜው ማቆሚያ ያገለገሉት ማያያዣዎች ኋላ ተነስተዋል፤ ገጹም ተሞርዶ፣ በአሸዋ ግፊት ተጠርጎ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። የዚያ ቤት "ቀላልነት" የብዙ ሰዓት የእጅ ሥራ ውጤት ነው፤ የተሰወረ መገጣጠሚያ ርካሽ ሆኖ አያውቅም።

ያው አርክቴክት ግን በ1968 በርሊን ውስጥ በተከፈተው አዲሱ ብሔራዊ ሙዚየም ተቃራኒውን መረጠ። የእያንዳንዱ ጎኑ ርዝመት 65 ሜትር ገደማ የሆነው ከባድ የብረት ጣሪያ ያረፈው በስምንት ምሰሶዎች ላይ ነው። ጣሪያው ከምሰሶው አናት ጋር የሚገናኝበት ማጠፊያም ጠበብ ብሎ፣ ሆን ተብሎ ለተመልካች ተጋልጧል። በአንዱ ሥራው የደበቀውን በሌላው አወጣው።

ጥያቄው ለአፍሪካ ቀንድ እንግዳ አይደለም። የአክሱም ዘመን ግንበኞች በድንጋይ ግድግዳ ውስጥ የሚያስገቧቸው የእንጨት ማሰሪያዎች ጫፍ ከግድግዳው ወጥቶ እንዲታይ ያደርጉ ነበር። "ርእሰ ሕበይ" ወይም የዝንጀሮ ራስ የሚባሉት እነዚህ ጫፎች ዛሬም በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ይታያሉ። መገጣጠሚያው ቀስ በቀስ ጌጥ ሆነና እንጨት በሌለበት በአክሱም ሐውልቶች ላይ ሳይቀር በድንጋይ ተቀረጸ። የማሳየት ባህል ጥንታዊ ነው፤ ብረትን ያለ ስፌት እንዲታይ የማድረግ ፍላጎት ግን ብየዳና መሞረጃ ማሽን ከተስፋፉ በኋላ የመጣ ነው።

መገጣጠሚያ እንዴት ይደበቃል?

ቀላሉና በብዛት የሚሠራበት መንገድ መሸፈን ነው። ብሎኑም ላሜራውም እንደ ወትሮው ይሠራና በኮርኒስ፣ በጂፕሰም ወይም በእሳት መከላከያ ልባስ ይጋረዳል። መሐንዲሱ እዚህ ላይ ብዙ አይቸገርም፤ የሚያስፈልገው በቂ ቦታ ብቻ ነው።

ብረቱ ራሱ የሚታይ ሲሆን ግን ነገሩ ይከብዳል። አንደኛው ዘዴ በይዶ መሞረድ ነው። እዚህ ላይ ልምድ የሌለው ንድፍ አውጪ የሚስተው አንድ ነገር አለ። ብየዳ ሁሉ አንድ አይደለም። ሁለት ብረቶች በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ የሚደረበው ብየዳ ጥንካሬው ያለው ከላይ ባበጠው ክፍል ውስጥ ነው። ለውበት ሲባል እርሱ ተሞርዶ ከተነሳ የተነሳው ጥንካሬው ራሱ ነው። ያለ ስጋት ሞርዶ ማለስለስ የሚቻለው የብረቱን ውፍረት ሙሉ በሙሉ ዘልቆ የሚገባውን ብየዳ ነው። እርሱ ደግሞ የብረቱን ጠርዝ አስቀድሞ መቁረጥን፣ የሠለጠነ በያጅንና በመሣሪያ የሚደረግ ምርመራን ይጠይቃል። ንድፉ ላይ "ይለስልስ" ብሎ መጻፍ አንድ ቃል ነው፤ የብየዳውን ዓይነት መለወጥ ግን የሥራውን ዋጋና ጊዜ ይለውጣል።

ሁለተኛው ዘዴ መገጣጠሚያውን በቱቦላሬው ውስጥ ማስገባት ነው። ሁለት ቱቦላሬዎች ጫፍ ለጫፍ ሲገናኙ በውስጣቸው ላሜራ ይበየዳል፤ ብሎኑ በጎን በተከፈተች መስኮት በኩል ይጠብቃል፤ ከዚያም መስኮቷ በክዳን ትዘጋለች። ችግሩ ብሎን ያለ መፍቻ፣ መፍቻም ያለ እጅ አይሠራም። እጅ እንዲገባ የሚከፈተው መስኮት ቱቦላሬውን ያደክመዋል፤ ስለዚህ መገጣጠሚያው የመታጠፍ ኃይል አነስተኛ ወደሆነበት የወራጁ ክፍል እንዲሸሽ ይደረጋል። ከአንድ ወገን ብቻ የሚጠብቁ ልዩ ብሎኖችም አሉ። ዋጋቸው ውድ ነው፤ በውስጥ በኩል በትክክል መያዛቸውንም በዓይን ማረጋገጥ አይቻልም።

ሦስተኛው ዘዴ ወራጁን ኮንክሪት ውስጥ ቀድሞ በተቀበረ ላሜራ ላይ ማሰር ነው። ይህ ሁለት የተለያዩ ሙያዎችን ያጋጫል። ብረት ሠሪው የሚለካው በሚሊ ሜትር ሲሆን የኮንክሪት ሥራ ግን በሴንቲ ሜትሮች ሊዛነፍ ይችላል። የተቀበረው ላሜራ ጠምሞ ወይም ተንሸራቶ ቢገኝ፣ ግልጽ በሆነ መገጣጠሚያ ላይ ሞላላ ቀዳዳና ተጨማሪ ስስ ላሜራ ስህተቱን ያርመዋል። በተሰወረው ላይ ግን ማረሚያው የሚገባበት ክፍተት ስለማይኖር ክፍተቱ ገና ከንድፉ መታሰብ አለበት።

በወረቀት ላይ የማይታየው ሌላው ችግር የአተካከሉ ቅደም ተከተል ነው። በሁለቱም ጫፉ ወደ ምሰሶ ውስጥ የሚገባ ምላስ ያለው ወራጅ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ያምራል፤ ክሬኑ ሲያነሳው ግን በቆሙት ሁለት ምሰሶዎች መካከል በየት በኩል ይገባል? እንዲህ ያለው ጥያቄ ብረቱ ተቆርጦ ካለቀ በኋላ ከተነሳ የሚመለሰው በግንባታው ቦታ ላይ በችኮላ በሚደረግ ቆረጣና ብየዳ ነው። በስቱኮና በቀለም ከተሸፈነ በኋላ ደግሞ የፋብሪካውን ብየዳ ከችኮላው ለመለየት አይቻልም።

ካንሳስ ሲቲ፣ 1981

ሐምሌ 17 ቀን 1981 ምሽት፣ በአሜሪካ ካንሳስ ሲቲ ከተማ በሚገኘው ሃያት ሪጀንሲ ሆቴል ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ብዙ ሰው ለዳንስ ተሰብስቦ ነበር። ከአዳራሹ በላይ የሆቴሉን ሁለት ክፍሎች የሚያገናኙ መሸጋገሪያዎች በቀጫጭን የብረት ዘንጎች ከጣሪያው ተንጠልጥለዋል። መልካቸው የታሰበው ያለ ምሰሶ በአየር ላይ እንዲንሳፈፉ ነው። በዚያ ምሽት የአራተኛው ፎቅ መሸጋገሪያ ከሥሩ በተንጠለጠለው የሁለተኛው ፎቅ መሸጋገሪያ ላይ ወደቀ፤ ሁለቱም ወደ አዳራሹ ተደረመሱ። 114 ሰዎች ሞቱ፤ ከ200 በላይ ቆሰሉ።

መንስኤው በእጅ መዳፍ የሚሸፈን ቦታ ላይ ነበር። በመጀመሪያው ሐሳብ አንድ ረጅም ዘንግ ከጣሪያ ተነስቶ በአራተኛው ፎቅ ወራጅ ውስጥ አልፎ እስከ ሁለተኛው ይወርዳል። በዚህ አኳኋን እያንዳንዱ ወራጅ ከሥሩ ባለው ዳዶ ላይ የሚያሳርፈው የራሱን መሸጋገሪያ ክብደት ብቻ ነው። ነገር ግን እንዲህ ባለው ረጅም ዘንግ ላይ ጥርስ ማውጣትና ዳዶውን እስከ መካከሉ ማዞር ለብረት ሠሪው አስቸጋሪ ነበር። ስለዚህ ዘንጉ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ከጣሪያ እስከ አራተኛው ፎቅ፣ ሌላው ከአራተኛው ፎቅ ወራጅ እስከ ሁለተኛው። ለውጡ ሲታይ ቀላል ነው። ሆኖም የታችኛው መሸጋገሪያ አሁን የተንጠለጠለው በዘንጉ ላይ ሳይሆን በላይኛው ወራጅ ላይ ሆነ፤ የአራተኛው ፎቅ ዳዶም የሁለቱን ክብደት ተሸከመ። ሸክሙ እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

ወራጁ ራሱ ሁለት ጎድጓዳ ብረቶች አፍ ለአፍ ተበይደው የተሠራ ሣጥን ሲሆን ዘንጉ የሚያልፈው በትክክል በብየዳው መስመር ላይ ነበር። ዳዶው በዚያ ደካማ መስመር በኩል ሥጋ እንደሚቀድ ቢላ ሰንጥቆት አለፈ። ምርመራውን ያካሄደው የአሜሪካ መንግሥት የመለኪያና ደረጃዎች ተቋም፣ የመጀመሪያው ንድፍ እንኳ የከተማዋ የሕንጻ ደንብ ከሚጠይቀው አቅም 60 በመቶ ያህሉን ብቻ ይሸከም እንደነበር አረጋግጧል። የተለወጠው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያስደነግጠው ያን መገጣጠሚያ ያሰላ ሰው አለመኖሩ ነው። የንድፍ መሐንዲሶቹ ዝርዝሩን ብረት ሠሪው ይጨርሰዋል ብለው አሰቡ፤ ብረት ሠሪው ደግሞ የቀረበለትን ሥዕል እንደተጠናቀቀ ንድፍ ተቀበለው። በሥራ ንድፉ ላይ የመሐንዲሶቹ ማኅተም አርፏል። በኋላ ኃላፊነት የተጣለባቸው ሁለት መሐንዲሶች የሚዙሪ ግዛት የሙያ ፈቃዳቸውን ነጥቋቸዋል። የመገጣጠሚያ ዝርዝርን ለብረት ሠሪው መተው ዛሬም በብዙ አገሮች የተለመደና ሕጋዊ አሠራር ነው። ለውጥ ሲመጣ በአዲሱ ሥዕል ላይ ስሌቱን የሚሠራውና የሚፈርመው ማን እንደሆነ በውል ውስጥ በስም ካልተጻፈ ግን ያው ክፍተት እንደገና ይከፈታል።

ከጂፕሰም ጀርባ

በኒውዮርክ በ1977 የተጠናቀቀው ባለ 59 ፎቅ የሲቲኮርፕ ሕንጻ፣ ከሥሩ ለሚገኝ ቤተ ክርስቲያን ቦታ ለመልቀቅ ሲባል ምሰሶዎቹ በማዕዘኖቹ ሳይሆን በየጎኑ መካከል ቆመዋል። የንፋስን ግፊት የሚቋቋሙት ሰያፍ ብረቶቹ ከውጭ አይታዩም። መሐንዲሱ ዊሊያም ለመዠሪየ፣ ሕንጻው ከተከፈተ በኋላ፣ እነዚህ ብረቶች በጥልቅ ብየዳ ሳይሆን ለወጪና ለፍጥነት ሲባል በብሎን መያያዛቸውን ተረዳ። ማዕዘን ለማዕዘን የሚነፍስ ኃይለኛ ንፋስ ቢመጣ ብሎኖቹ በቂ ላይሆኑ እንደሚችሉ ስሌቱ አሳየው። በ1978 ለሳምንታት በየሌሊቱ ጂፕሰሙ እየተነሳ፣ ከ200 በላይ መገጣጠሚያዎች 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ላሜራ እየተበየዱ፣ ጠዋት ቢሮው ለሠራተኞች እየተጸዳ ጥገናው ተከናወነ። ሕዝቡ ታሪኩን በስፋት ያወቀው በ1995 ነበር። አደጋው በእርግጥ የዚያን ያህል ይቀርብ እንደነበር ከጊዜ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ጥያቄ አንስተዋል። መገጣጠሚያዎቹን ከጂፕሰም በቀር ምንም ስላልከደናቸው ግን ጥገናው ሊሠራ ችሏል። ኮንክሪት ውስጥ የተቀበሩ ቢሆኑ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር።

ከሁሉም ይበልጥ ለምሥራቅ አፍሪካ የሚቀርበው ትምህርት የሎስ አንጀለሱ ነው። ጥር 17 ቀን 1994 በመጠኑ 6.7 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ የኖርዝሪጅን አካባቢ መታ። የብረት ሕንጻዎቹ ቆመው ስለቀሩ መጀመሪያ ላይ ፈተናውን ያለፉ መሰሉ። ኮርኒሱና የእሳት መከላከያ ልባሱ መነሳት ሲጀምር ግን ወራጅ ከምሰሶ የሚገናኝባቸው ብየዳዎች ተሰንጥቀው ተገኙ። ጉዳቱ ከ100 በላይ በሆኑ ሕንጻዎች ላይ ታየ። በአንዳንዶቹ ስንጥቁ ከብየዳው አልፎ ምሰሶው ውስጥ ገብቶ ነበር። ልክ በዓመቱ፣ ጥር 17 ቀን 1995፣ በጃፓን ኮቤ ተመሳሳይ ስብራት ታየ።

እስከዚያ ቀን ድረስ የብየዳ መገጣጠሚያ በመንቀጥቀጥ ጊዜ እየተለጠጠ ኃይሉን ይውጣል ተብሎ ይታመን ነበር። ብዙዎቹ ግን ሳይለጠጡ እንደ ሸክላ ተሰበሩ። ጥፋቱ የተጀመረው አብዛኛውን ጊዜ ከወራጁ የታችኛው ክንፍ ነው። በያጁ በዚያ ቦታ የሚሠራው የወራጁ ቋሚ አካል እያገደው፣ በጠባብ ቀዳዳ በኩል፣ ብየዳውን በመካከል እያቋረጠ ነበር። ለመበየድ ያልተመቸ ቦታ ለመመርመርም አይመችም። ብየዳው ከሥር እንዳይፈስ የተደረገችው ቀጭን ብረትም እዚያው ቀርታ ስንጥቁ የሚነሳበት ጥግ ፈጠረች። ከዓመታት ጥናት በኋላ የወጡት አዳዲስ መመሪያዎች ጠንካራ የብየዳ ብረት እንዲመረጥ፣ ያቺ ቀጭን ብረት እንድትነሳ አዘዙ። ከተፈቀዱት አዳዲስ ንድፎች በአንዱ የወራጁ ክንፍ ከመገጣጠሚያው ፈንጠር ብሎ ሆን ተብሎ በቅስት ይሳሳል። መንቀጥቀጥ ሲመጣ የሚጎብጠው ያ የሳሳው ክፍል ይሆንና መገጣጠሚያው ይተርፋል።

ዝገት፣ እሳትና የአክሱም ሐውልት

መሰወር ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ብረት 600 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ ከግማሽ በላይ ጥንካሬውን ያጣል፤ በኮንክሪት ወይም በወፍራም ልባስ ውስጥ ያለ መገጣጠሚያ ከተጋለጠው ይልቅ እሳትን ይቋቋማል። ዝገት ግን በተቃራኒው የተደበቀ ቦታን ይወዳል። በጅቡቲ፣ በምጽዋ፣ በሞምባሳና በዳሬሰላም ጨዋማ አየር በተዘጋ ቱቦላሬ ውስጥ የገባች እርጥበት ቀለም የሚያድሳት የለም። ብረቱ ዚንክ ውስጥ እንዲነከር ከተፈለገ ደግሞ አየር ማስወጫ ቀዳዳ ግድ ይላል፤ ያለ ቀዳዳ የተዘጋ ቱቦ 450 ዲግሪ በሚደርስ የቀለጠ ዚንክ ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል። ያም ቀዳዳ በተራው መደበቂያ ይፈለግለታል።

የዝገትን ጉዳይ በሚገባ ያሰቡበት ሰዎች የአክሱምን ሐውልት መልሰው ያቆሙት ናቸው። ከሮም በሦስት ተከፍሎ በ1997 ዓ.ም. የተመለሰውና 24 ሜትር የሚረዝመው ሐውልት በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በአክሱም እንደገና ቆመ። የድንጋዩ ክፍሎች በውስጣቸው በተቀበሩ ስምንት የሰው ሠራሽ ክር ዘንጎች ተያይዘዋል፤ አራቱ በታችኛው፣ አራቱ በላይኛው መጋጠሚያ። ብረት ያልተመረጠው እንዳይዝግና መብረቅ እንዳይስብ ነው። መጋጠሚያው የመሬት መንቀጥቀጥም ታስቦበታል። ማንም ሊከፍተው በማይችል ቦታ የሚቀመጥ ነገር ጥገና የማይፈልግ መሆን እንዳለበት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በአካባቢው ማግኘት ያስቸግራል።

በቀጣናው ያለው ተጨባጭ ሁኔታ

በአዲስ አበባ፣ በናይሮቢ ወይም በኪጋሊ የሚሠራ ትልቅ የብረት ጣሪያ ብዙ ጊዜ ብረቱ፣ አንዳንዴም የተቆራረጠው አካል፣ ከባሕር ማዶ ይመጣል። መገጣጠሚያው የት እንደሚሆን የሚወስነው ታዲያ አርክቴክቱ ብቻ ሳይሆን ኮንቴይነሩ ነው። ትልቁ መደበኛ ኮንቴይነር 12 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ የበሩ ስፋት ከ2.3 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ከዚህ የሚተልቅ አካል ይቆረጣል፤ የተቆረጠውም በግንባታው ቦታ ይገጣጠማል። ያን ጊዜ ከፋብሪካ ጣሪያ ሥር ሊሠራ ይችል የነበረው ጥልቅ ብየዳ በንፋስና በአቧራ መካከል፣ በከፍታ ላይ፣ መወጣጫ ላይ በቆመ በያጅ እጅ ይወድቃል። ለዚህ ነው በዘርፉ የተካኑ መሐንዲሶች የሚሰወረውን ብየዳ ሁሉ በፋብሪካ ጨርሰው ለቦታው ብሎንን ብቻ መተው የሚመርጡት። ቦታው ላይ ብየዳ ግድ ከሆነ ደግሞ በድምፅ ሞገድ ወይም በማግኔት ዱቄት ተመርምሮ፣ ፎቶው ከመገጣጠሚያው ቁጥር ጋር ተመዝግቦ፣ ያለ ተቆጣጣሪው ፊርማ እንዳይዘጋ ይደረጋል። የምርመራው ወጪ ከጠቅላላው የብረት ሥራ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። የሚያስቸግረው ጊዜው ነው፤ የምርቃት ቀን የተቆረጠለት ተቋራጭ አንድ ሳምንት መጠበቅ ይከብደዋል።

ስምጥ ሸለቆው ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም። በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬው መንቀጥቀጥ ማጀቴን ክፉኛ ጎድቷል። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር በአዋሽና በፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው መንቀጥቀጥ በርካታ ነዋሪዎችን ከቀያቸው ሲያፈናቅል ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። የኢትዮጵያ የሕንጻ ደንብ ለመሬት መንቀጥቀጥ የተለየ ክፍል አለው። ነገር ግን ከንዝረት በኋላ የኮንክሪት ግድግዳ ስንጥቅ በዓይን ሲታይ፣ ከኮርኒስ በላይ ያለ የብረት መገጣጠሚያ ደኅና መሆኑን ለማወቅ እርሱን የሚያሳይ በር ያስፈልጋል።

ያ በር ጎኑ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ተነቃይ የኮርኒስ ክዳን ሊሆን ይችላል። በንድፍ ስብሰባዎች ላይ መሐንዲሱ ይጠይቀዋል፤ አርክቴክቱ ግን ለስላሳው ጣሪያ ላይ መስመር ያወጣብኛል ብሎ ይቃወመዋል። ብዙ ጊዜ የሚስማሙት ክዳኑን ከመብራቶቹ ወይም ከአየር ማስገቢያው መስመር ጋር በማስተካከል ነው፤ እንዲያ ሲሆን ከታች ሆኖ የሚያይ ሰው ልብ አይለውም፣ መሰላልና ባትሪ የያዘ ሠራተኛ ግን ወጥቶ ይከፍተዋል።